ስለ ጥቁሩ ቀርከሃ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ቤት ገዛን፤ ጓሮው ግን ለጎረቤት የተጋለጠ ነው። ዴኩ (የእንጨት በረንዳው) ላይ ቡና ሳፈላ ሰፈሩ በሙሉ ያየኛል። ግንዱ ጥቁር የሆነ ቀርከሃ በፎቶ አይቼ ልቤ ወደደው፤ የትኛውን ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥር ሰው ሁሉ «ያምራል፣ ትከዪው» እያለ አልፏል። አንዱም የተከለ አይመስለኝም። እኔ ተክያለሁ። ነቅያለሁም። ሲተከል 190 ዶላር፣ ሲነቀል 4,600 ዶላር ወጥቶበታል። ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

የት እንደምትኖሪ አልጻፍሽም። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት ነሽ ብዬ ነው የምቀጥለው። ግማሻችን እዚሁ ነን። ደግሞ ዴክና የተጋለጠ ጓሮ ስትዪ የኔኑ ቤት የገለጽሽ ነው የመሰለኝ።

1. «ጥቁር» የቀለም ስም ነው እንጂ የጠባይ ስም አይደለም።

ግንዳቸው የሚጠቁር ቀርከሃዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። እዚህ አገር ችግኝ መሸጫ ሄደሽ «ብላክ ባምቡ» ካልሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡሽ ፊሎስታኪስ ናይግራ የሚባለውን ነው። አገሩ ቻይና ነው፤ ቻይናዎቹ ራሳቸው «ሐምራዊ ቀርከሃ» ነው የሚሉት። በፎቶ ያየሽውም እሱ ይመስለኛል። ቀጥ ያለ ጥቁር ዘንግ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ አረንጓዴ ቅጠል። ውበቱን አልክድም። ችግሩ ሯጭ ነው። ከመሬት በታች በአግድም የሚሄድ፣ ገመድ የመሰለ ግንድ አለው። ገመዱ በየአንጓው ዐይን አለው። ከዐይኑ ወይ ዘንግ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ሌላ ገመድ ወደ ጎን ይዘረጋል። አጥር አያውቅም፣ የሰው ድንበር አያውቅም።

ሌላው ወገን ባለበት ተሰብስቦ የሚያድገው ነው። በየዓመቱ ከዳር ከዳር ትንሽ ይሰፋል እንጂ አይሮጥም። ችግኝ መሸጫዎች «ክላምፒንግ» ይሉታል። መምረጥ ካለብሽ መጀመሪያ በእነዚህ ሁለት መካከል ምረጪ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እኔ ያደግኩት እንጅባራ አካባቢ ነው። አገሩን ካወቅሽው ቀርከሃ በየቤቱ ጓሮ ነው። ወንበሩ፣ አልጋው፣ ቅርጫቱ፣ አጥሩ ሁሉ ከእሱ ነው። በልጅነቴ ቡቃያውን ከብት እንዳይበላው ጠብቄያለሁ፤ ዘንግ ተሸክሜ ገበያ ወጥቻለሁ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ) ችግኝ መሸጫው ውስጥ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ስለ ቀርከሃ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ውስጤ ሳቀ። ለእኔ? ለአገው ምድር ልጅ? ፖቱ ላይ «ክላምፒንግ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «አይስፋፋም አይደል?» አልኩት ለነገሩ ያህል። «ባለበት ነው የሚቀመጠው» አለኝ። ሦስት ፖት ጭኜ ወጣሁ።

የኛ የደጋ ቀርከሃ ዘንጎቹን ትንሽ ራቅ ራቅ አድርጎ ያወጣል እንጂ እንደዚህኛው ገመድ ዘርግቶ አይጋልብም። ሽመል የሚወጣለት የቆላው ደግሞ ጭራሽ እንደ ጭድ እስር አንድ ላይ ነው። በዚያ ላይ እዚያ ቀርከሃ ሥራ አለው። ይቆረጣል፣ ይሸጣል፣ ይጎነጎናል። እዚህ ግን ማን ይቆርጠዋል? እኔ እንደሆንኩ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ያደግኩበትን እውቀት ይዤ የማላውቀውን ተክል ገዛሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የቀርከሃ አገር ልጅ ነው» እያለች ትተርበኛለች።

ወረቀቱን ትተሽ ዘንጉን በእጅሽ ዳስሺው። ያኔ ያላወቅኩት ይህንን ነው። ቅርንጫፍ ከሚወጣበት አንጓ በላይ ያለውን የዘንጉን ጎን በአውራ ጣትሽ ወደ ላይ ዳሰስ አድርጊ። ጣትሽ ቦይ ውስጥ ከገባ፣ ማለት አንዱ ጎኑ ክብ ሳይሆን ጎድጎድ ያለ ከሆነ፣ ሯጩ ነው። ከዚያ ቅርንጫፉን ቁጠሪ። ፊሎስታኪስ ከአንድ አንጓ ሁለት ቅርንጫፍ ነው የሚያወጣው፤ አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ያለ። ፋርጌሲያ የሚባለው የማይሮጠው ዓይነት ግን ዘንጉ ዙሪያውን ክብ ነው፤ ከአንጓው ቀጫጭን ቅርንጫፎች በአንድ ላይ ይወጡበታል። ይኼ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ወረቀቱን አምኜ ስድስት ዓመት ከፈልኩ። ወደ ሱቁ ተመልሼ ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ደረሰኝ ይዘሃል?»

2. መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ አትደንግጪ።

ዘንጉ ከመሬት ሲወጣ አረንጓዴ ነው። ባለቤቴ «ጥቁር ብለህ አረንጓዴ ገዛህ፤ ሸወዱህ» አለችኝ። በዓመቱ ነጠብጣብ ጣለ፣ ቡናማ ነጥብ እንደ ጠቃጠቆ። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ዓመት ጠቆረ። ግን አጠቋቆሩን ብታዪ! ብዙ ቡና የፈላበት፣ በእጅ ብዛት የወዛ ጀበና ታውቂያለሽ? እንደሱ። ጥሩ ፀሐይ የሚያገኘው በኩል ደግሞ ይበልጥ ጠቆረ። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ወጥቼ በእጄ እዳስሰው ነበር። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነበር።

እነዚያ ሦስት ዓመታት ነው ያታለሉኝ። ላዩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። በዓመት አራት አምስት ዘንግ ቢያወጣ ነው። ለካ ከታች ሥራ ላይ ነበር። በ2019 ሚያዝያ ላይ ሣሩ መሃል ሹል ሹል ነገር ብቅ አለ። ሰባት ቆጠርኩ። በሳምንቱ ሃያ ስድስት። ቀርከሃ ደግሞ እንደ ዛፍ በየዓመቱ አያድግም፤ አንድ ዘንግ ከመሬት ከወጣ በሁለት ወር ገደማ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ሣር የነበረው ቦታ ሰኔ ላይ ጫካ ነው። የኔው 20 ጫማ አለፈ። እስከ 30 ጫማም ይሄዳል።

3. ባሪየር ሳታስገቢ መሬት ላይ እንዳትተክዪ።

ባሪየር ማለት ገመዱ እንዳያልፍ የሚያግድ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ጥቅል ሆኖ ይሸጣል። 60 ሚል (1.5 ሚሊሜትር ያህል) ውፍረት ያለውን ነው የምትገዢው፤ ከዚያ የሳሳውን ይበሳዋል። 30 ኢንች ያህል ጥልቀት ይቆፈርና ዙሪያውን ይቀበራል። አናቱ ሁለት ኢንች ያህል ከአፈር በላይ ይወጣል፤ ያ የወጣው ጠርዝ ነው ቁም ነገሩ፤ ገመዱ ከላይ ሊዘል ሲል እንድታዪውና በመቀስ እንድትቆርጪው ነው። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ በብረት ይታሰራል። ዝም ብለሽ ካደራረብሽው በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ባሪየር አስገባሁ ብለሽ ደግሞ አትተኚ፤ በየመኸሩ ዙሪያውን መዞር አለ።

እኔ ይህን የሰማሁት ከነገሩ በኋላ ነው። በግራ በኩል ያሉት ጎረቤቴ ቬትናማዊት እናት ናቸው። ቡቃያው ግቢያቸው ሲገባ ተጨንቄ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጭራሽ ደስ ብሏቸዋል። ቢላ ይዘው ቡቃያውን ከሥሩ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ቀቅለው ከሥጋ ጋር ሠርተው በሳህን አመጡልን። ይጣፍጣል! በየሚያዝያው የኔን ጓሮ ሳይቀር ለቅመው ይሄዱ ነበር። የቀኙ ግን ሌላ ነው። አዲስ ጡብ አስነጥፎ ነበር። በ2021 ጸደይ ጡቡ ሦስት ቦታ ላይ እንደ እንጎቻ እብጥ አለ። አንዱን ሲያነሣው ከሥሩ የኔ ልጅ ተቀምጧል። ሰውየው አልጮኸም። ፎቶ አነሣ። አሜሪካ ውስጥ ጎረቤትሽ ሳይጮህ ፎቶ ካነሣ ያኔ ነው መፍራት።

4. ከመትከልሽ በፊት የሰፈርሽን ማኅበር ፎርም ሙዪ።

የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆንሽ ይህችን ነጥብ ሁለቴ አንብቢያት። በየወሩ ገንዘብ የምንከፍላቸው እነሱ ናቸው። በ2022 መጋቢት ደብዳቤ መጣ። ያለ ፈቃድ ተክለሃል፣ ተክሉ ወራሪ ነው፣ በ30 ቀን አንሣ፣ አለዚያ በየቀኑ ቅጣት ይታሰባል ይላል። ስድስት ዓመት በመንገዱ ሲያልፉ ዐይተውታል። አንዷ የኮሚቴ አባል እንዲያውም «እንዴት ያምራል» ብላ ከዘንጉ ጋር ፎቶ ተነሥታለች።

ስብሰባው ላይ ሄድኩ። ሸሚዝ ለብሼ፣ የችግኙን ወረቀት ይዤ። ሊቀመንበሯ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የመናገር ተራዬ ሲደርስ ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ወረቀቱ «ክላምፒንግ» ይላል፣ የተሳሳተው ሻጩ ነው፣ ጊዜ ስጡኝ። ሴትዮዋ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቃላቱን እየጎተተች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እንግሊዝኛ… የሚያስተረጉምልህ… ሰው… ያስፈልግሃል?» አለችኝ። እህቴ፣ እኔ እዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። መሐንዲስ ነኝ። ልጆቼን ኮሌጅ አስገብቻለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ላብ አጠመቀኝ። «አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገኝ ስድሳ ቀን ነው» አልኩ። አርባ አምስት ሰጡኝ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅጣቱ አይደለም ያናደደኝ፤ አነጋገሯ ነው። ዛሬም በመኪና ሳልፋት ሰላም አልላትም። ባለቤቴ «ይቅር በላት፣ ጾም ነው» ትለኛለች። ጾሙ ሲፈታ አስብበታለሁ።

ፎርሙ አንድ ገጽ ነው። የተክሉን ስም፣ የምትተክዪበትን ቦታ፣ ከአጥሩ ያለውን ርቀት ትጽፊያለሽ። በነፃ ነው። ይህችን አንድ ገጽ ብሞላ ኖሮ ያኔውኑ ይከለክሉኝና ገንዘቤም ክብሬም ይተርፍ ነበር።

ከማኅበሩ ሌላ ሕግም አለ። የቨርጂኒያ ግዛት በ2017 ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ስለ ሯጭ ቀርከሃ የራሳቸውን ደንብ እንዲያወጡ ፈቅዷል። ፌርፋክስ ካውንቲ አውጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል። ቀርከሃ መያዝ አልተከለከለም። የተከለከለው ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ እንዲሻገር መተው ነው። ቅጣቱ መጀመሪያ 50 ዶላር፣ ሲደጋገም 200፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 3,000 ዶላር ይደርሳል። ሌላ ካውንቲ ከሆንሽ ቤትሽ ያለበትን አካባቢ ደንብ ፈልገሽ አንብቢ። እኔ ሕጉ ከመድረሱ በፊት ነቀልኩ፤ ለዚህ ብቻ ማኅበሩን አመሰግናለሁ። ሴትዮዋን ሳይሆን ማኅበሩን።

5. ስለ መንቀል። መጀመሪያ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች ጋር በዶማና በአካፋ ሞከርነው። ቅዳሜ ሙሉ ቆፍረን አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ አልጨረስንም። ገመዱ ጥልቅ አይደለም፣ አብዛኛው ከላይ አንድ ጫማ ውስጥ ነው፤ ግን እርስ በርሱ ተቆላልፎ ምንጣፍ ሆኗል። ዶማው ይነጥራል። ትንሽ ቁራጭ ከነዐይኗ መሬት ውስጥ ከቀረች እንደገና ታበቅላለች። መጨረሻ ላይ ቆፋሪ ማሽን ያለው ሰው አመጣሁ። «አንድም አይቀርልህም» ብሎኝ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። በቀጣዩ ሚያዝያ አሥራ አንድ ቡቃያ። ስልኩን አያነሣም። ከዚያ ወዲያ በየጸደዩ ብቅ ያለውን ሁሉ ወዲያው እሰብራለሁ፤ ቅጠል ካላወጣ ከታች ያለው ስንቁን ይጨርሳል። ዘንድሮ አንድ ብቻ ነው የወጣችው። የጎረቤቴን ጡብም በራሴ ወጪ አስተካክያለሁ፤ ያ 4,600ው ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ልግዛ ካልሽኝ። ቨርጂኒያ ከሆንሽ፣ ግንዱ ጥቁር የሆነ፣ የማይሮጥ፣ በጋውንም ክረምቱንም የሚችል ቀርከሃ ፈልጌ አላገኘሁም። ፋርጌሲያ ኒቲዳ የሚባል አለ። አይሮጥም፣ ዘንጉ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይሄዳል፣ ብርዱን ይችላል። የኛን የሐምሌ ሙቀትና ወበቅ ግን አይወድም። ከነቀልኩ በኋላ አንድ ገዝቼ ነበር፤ ነሐሴን አላየም። ሲያትል ያላችሁ ብትሞክሩት ያዋጣል፤ ለእናንተ አየር ነው የተፈጠረው። እዚህ ሙቀት የሚሻለው ፋርጌሲያ ሩፋ ወይም ሮቡስታ ነው፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ዋናው ጉዳይሽ መጋረጃ ከሆነ ሮቡስታን ውሰጂ፤ ከሩፋ ይረዝማል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ።

ኢንተርኔት ላይ «የማይሮጥ ጥቁር ቀርከሃ» ብለው የሚሸጡት አብዛኛውን የቲሞር ወይም የጃቫ ጥቁር ነው። እውነት ነው፣ አይሮጡም፣ ያምራሉ። ግን የሞቃት አገር ናቸው። ፍሎሪዳ ወይም ደቡብ ካሊፎርኒያ ከሆንሽ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ እርሺና የቲሞሩን ግዢ። እዚህ የመጀመሪያው ጠንካራ ውርጭ ያበስለዋል። የ«ጥቁር ቀርከሃ ዘር» ማስታወቂያ ካየሽ ደግሞ ገንዘብሽን አትንኪ። ይኼ ተክል በብዙ አሥርት ዓመታት አንዴ ነው የሚያብበው። ጃፓን ያለው አረንጓዴው ወንድሙ እ.ኤ.አ. 1908 አካባቢ አብቦ፣ ቀጥሎ ያበበው 2020 ነው፤ ተመራማሪዎቹም የሚበቅል ዘር አላገኙበትም። ታዲያ የአምስት ዶላሩ ዘር ከየት መጣ? ከጓደኛሽ ዘንግ ቆርጠሽ ብትተክዪም አይበቅልልሽም፤ ከሥሩ ጋር ነው መነቀል ያለበት።

«አይ፣ እኔ ያንን ጥቁሩን ነው የምፈልገው» ካልሽ ይገባኛል። እኔም አልቻልኩም። ስነቅል አንድ ቁራጭ ከነሥሩ አስቀርቼ ነበር። አሁን ዴኬ ዳር ከብት በሚጠጣበት ዓይነት የቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ተተክሏል፤ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ታገኚዋለሽ። ከሥሩ ውሃ ማፍሰሻ ትበሺያለሽ፣ ከዚያ በጡብ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ። እኔ መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀምጬው በቀዳዳው ሊወጣ ሲል ደረስኩበት፤ ጠባዩን አይተውም። በጋ ላይ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ሲጠማው ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ይጠቀልላል፤ ስታጠጪው ይፈታል። ጃንዋሪ ላይ ገንዳውን በአሮጌ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ፤ በዕቃ ውስጥ ያለ ሥር እንደ መሬቱ ብርድ አይችልም። በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ አውጥቶ በመጋዝ መክፈል አለ። ቁመቱም መሬት ላይ እንደነበረው አይሆንም፤ ቡና ስታፈዪ ተቀምጠሽ ስለሆነ ግን ይሸፍንሻል። ፎርሙን ሞልቼ ነው ያስቀመጥኩት። ሦስት ወር አቆይተው ፈቀዱ። የፈረመችው ያችው ሴትዮ ናት።

ለማንኛውም ከመክፈልሽ በፊት ቅርንጫፉ የሚወጣበትን አንጓ ከቅርብ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው። ማታ ማታ እገባለሁ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።